ጥላ የተያዘላት መኪና

ሶላር የሚሠራው በፀሐይ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ የከሚሴ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀው ነበር። እንዲያውም ወረቀት ላይ ጽፌ ከመሪው ፊት ለፊት ለጥፌው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ማንም «ምስኪን፣ ሳያውቅ ነው» ብሎ እንዳያዝንልኝ ነው።

አባቴ ከብት ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰንበቴ ገበያ እየወረዱ ከአፋር ነጋዴዎች ፍየል ሲገዙ ኖረዋል። ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ የሰንበቴ ቀትር ደግሞ ማንንም አይምርም። እሳቸው ግን የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ሞልተው፣ አሸዋውን ውሃ አጠጥተው፣ ጠርሙሶቹን በላስቲክ ጠቅልለው ይቀብሯቸዋል። ገበያ ሲወርዱም ትንሽ ማሰሮ ይዘው ይወርዳሉ። በዚህ ሁኔታ ስንት ዓመት ስኳራቸው ልክ ነበር። በማሰሮው የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ከደሴ መስመር የወጣች አሮጌ ሚኒባስ ነበረችኝ። ፈረንጆች መኪና ውስጥ ቤት ሠርተው አገር ለአገር ሲዞሩ በስልኬ እያየሁ ልቤ ሸፈተ። ወንበሮቹን ነቅዬ አልጋ አስገባሁ፣ ከጣሪያው ላይ የሶላር ፓኔል፣ ከአልጋው ሥር ባትሪ፣ ከበሩ አጠገብ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፍሪጅ አስገጠምኩ። አባቴ ሰንበቴ ሁለት ቀን ስለሚቆዩ ከእንግዲህ የሰው ቤት አያድሩም፣ መድኃኒታቸውም እንደ ሀብታም መድኃኒት ፍሪጅ ይገባል አልኩ። ቤት መብራት እየጠፋ ያስቸግር ስለነበር የወራት መድኃኒታቸውን ሁሉ ወደ መኪናዋ አዛወርኩት። ማሰሮው ጓሮ ተጣለ።

ሶላሩን የገጠመልኝ ሰው ቀልድ የማያውቅ ነበር። «ፓኔሉ ላይ የቅርንጫፍ ጥላ እንኳ እንዳያርፍ» አለኝ። «ግማሹ ቢጠላበት ግማሹ ይሠራል ብለህ እንዳታስብ፣ ሁሉም ነው የሚሰንፈው። ይቺ አረንጓዴ መብራት ደግሞ ፓኔሉ ብርሃን አየ ነው የምትልህ እንጂ ባትሪው ሞላ አላለችህም። ስለ ባትሪው ማወቅ ከፈለግህ ይሄን ተጫንና ቁጥሩን እይ።» ሁሉንም ጻፍኩ። ቁጥሩን የማይበትን ቁልፍ ግን ነክቼው አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ሰንበቴ የወረድን ዕለት የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ፣ እንደሳቸው ፍየል ነጋዴ የሆኑ ሽማግሌ፣ ከገበያው ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ቆመው ጠበቁን። ጎሕ ሲቀድ መጥተው ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋድመው ቦታ ይዘውልን ነበር። ሽማግሌ ያጋደመውን ከዘራ የሚያነሳ የለም፤ እዚያ የተያዘ ቦታ የተያዘ ነው።

«አካም ጅርቱ! ኑ፣ ኑ፣ ጋዲሳው ተይዞላችኋል!» ብለው በእጃቸው ጥላውን አሳዩን።

በዚያ ሙቀት ለሰው የሚሰጥ ትልቁ ክብር ጥላ ነው። አባቴ ከመኪናዋ ወርደው ወዳጃቸውን ሲያቅፉ ፊታቸው በርቶ ነበር። «የለም፣ መኪናዬ ፀሐይ ላይ ትቁም» ማለት የተዘረጋን እጅ እንደ መግፋት ነው። እኔም ያን ማለት አቃተኝ ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። እውነቱ ግን ለማለት አልሞከርኩም። መኪናዋን ወደ ኋላ አስገብቼ ሾላው ሥር አቆምኳት። አረንጓዴዋን መብራት አየሁ፣ በርታለች። ለእኔ በቂ ነበር።

ከዚያ ስልክ ይመጣ ጀመር። ከቆላ የመጣው፣ ከደጋ የወረደው፣ ሁሉም ስልኩን ይሰጠኛል። እምቢ አይባልም፤ ደግሞስ ማን እምቢ ይላል? «ባለ ሶላሩ» እየተባልኩ አንዱን ነቅዬ ሌላውን ስሰካ የሆነ ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ከፊቴ ተለጥፎ እኔ ስልክ እሰካለሁ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ገበያ አባቴ ከፍሪጁ መድኃኒታቸውን አውጥተው በመዳፋቸው ያዙት።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ይቺ ዛሬ አልቀዘቀዘችም።»

«ደጋግመን ስለከፈትነው ነው አባባ። አረንጓዴው በርቷል እኮ!»

«እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉና ተወጉ።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ ሞተሩ ባትሪውን ይሞላዋል፣ ፍሪጁ ይነሳል። ቤት ደርሰን ስከፍተው ጠርሙሶቹ እንደ በረዶ ናቸው። አንዷን አውጥቼ ጉንጫቸው ላይ አስነካኋቸውና «አዩ?» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ። እያንዳንዱ ገበያ እንዲህ አለፈ። ሁለት ቀን ሾላው ሥር እየሞቀ፣ መንገድ ላይ እየቀዘቀዘ፣ መድኃኒቱ ኃይሉን አጥቶ ውሃ ሆነ።

ውሃ ጥም ጀመራቸው። ሰውነታቸው ከሳ፣ ዓይናቸው ደከመ። ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ቀኝ እግራቸው ላይ አልድን አለ። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ሻይ ውስጥ ስኳር እየጨመሩ ነው አልኩ። እናቴ ላይ ጮህኩባት፣ ስኳሩን ቆልፊ አልኳት። አባቴ ፊቴ ቆመው «ወላሂ አልቀመስኩም» አሉ። በሕይወቴ ሲዋሹ ሰምቻቸው የማላውቃቸው ሰው፣ ለልጃቸው ማሉ። እኔ ግን አላመንኳቸውም። ከሁሉም፣ ከእግሩም በላይ፣ ይህ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

ቁስሉ አመርቅዞ ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል ስንገባ ነርሷ መድኃኒቱን አሳዩኝ አለች። ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየቻት። መስተዋቱ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተጣብቋል።

«ይሄ በሙቀት ተበላሽቷል። የት ነው የምታስቀምጡት?»

አባቴ ቀደሙኝ። «ፍሪጅ ውስጥ ነው የኔ ልጅ። ልጄ መኪናው ላይ የሶላር ፍሪጅ ሠርቶልኛል፣ ማሻአላህ!» አሉ፣ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆነው፣ በኩራት። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ።

እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። በዚያው ቀን ከግቢው ወጥቼ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና የቁጥሩን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫንኩት። ባትሪው ባዶ ነበር ለማለት ጥቂት ቀርቶታል። አረንጓዴዋ መብራት ግን በርታለች። ቀና ስል ከላዬ ዛፍ አለ፤ በገባን ዕለት ለታማሚ ቤተሰብ አዝኖ ጥላ ያለበት ቦታ የሰጠኝ የግቢው ዘበኛ ነው።

ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ለወዳጃቸው ይነግራሉ፣ ሽማግሌው ደግሞ ከዘራቸውን እያጋደሙ የወዳጃቸውን እግር ያስቆረጡ መስሏቸው ይኖራሉ እላለሁ። ለራሴ የምለው ይህን ነው። ፈሪ ስለሆንኩም ሊሆን ይችላል። አባቴ «የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው ተቀበሉ፣ እኔ ከሥሩ ተደበቅኩ።

ድነው ከተነሱ በኋላ ሰንበቴ ውሰደኝ አሉ። ወረድን። ከዘራው ሾላው ሥር ተጋድሟል፣ ሽማግሌው በእጃቸው ይጠሩናል። እኔ አልፌ ሄጄ ከገላጣው ላይ አቆምኩ። የገበያው ሰው ዞሮ አየን። ሽማግሌው እየተቆጡ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ላይ ደግሞ አባትህን ፀሐይ ላይ ልታሰጣቸው ነው?»

 አባቴ በሩን ከፍተው ክራንቻቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ተወው» አሏቸው ወዳጃቸውን። «እሱ ያውቃል።»

ከመኪናዋ እስከ ሾላው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ እሳቸው ጥላው ሥር ቢቀመጡ ኖሮ ማንም አይቀየምም ነበር፤ በሁለት እግራቸው ሃያ እርምጃ ምንም አልነበረም። አሁን ያን መንገድ በክራንች፣ ሁለቴ እየቆሙ ሄዱት። እኔ ወንበሩን ተሸክሜ ከኋላቸው ተከተልኩ።