የልጄ ፊርማ በካርቶኑ ላይ

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ በተመነጠረበት በኩል የሕክምና ዕቃ ፋብሪካዎች ይከፈቱ ጀመር። አንዱ የሆስፒታል አልጋ ይበይዳል፣ ሌላው ጓንት ያሽጋል፣ አንዱ ደግሞ ሲሪንጅ ይሠራል። ሬዲዮው በየቀኑ ያሞግሳቸዋል። እኔ በርና መስኮት የምሠራ አናጺ ነኝ፤ በጣም የተሞገሰ ነገር ያስጠረጥረኛል። ልጄ ሲሪንጅ ፋብሪካው ውስጥ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል በሙከራ ስትቀጠርም እምብዛም አልተደሰትኩም።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ነርሷ አጠገቤ አንድ ትልቅ ካርቶን ከፈተች። «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከሥሩ የልጄ ፊርማ አለ። ውስጡ በሲሪንጅ ጢም ብሏል። ይህን ሁሉ መቼ ፈትሻ ጨረሰችው?

ከሥራ ስትመለስ ጠየቅኋት። «ሁሉንም ፈትሸሻል?»

ሳቀች። «አባዬ ደግሞ! ከየካርቶኑ ጥቂት ነው የምናወጣው። የፈተሽነውማ ውሃ ስለገባበት ይጣላል።»

«ታዲያ የሚሸጠው ያልተፈተሸው ነዋ?»

«አንተ ስትለው ያስቃል እንጂ... አዎ።»

እኔን አላሳቀኝም። አንድም በር ከፍቼና ዘግቼ ሳላየው አስረክቤ አላውቅም። «ያላየሽውን አየሁ ብለሽ መፈረም በሐሰት መመስከር ነው» አልኳት። «ነገ መጥቼ አያለሁ። ማታለል ከሆነ ሥራውን ትተዪዋለሽ።» ቋሚ ለመሆን ሁለት ሳምንት ነበር የቀራት።

በማግስቱ ሄድኩ። አለቃዋ፣ በዕድሜ ከእሷ ብዙም የማይበልጥ ሰው፣ «ይግቡ አባባ» ብሎ ነጭ ጋዋን አለበሰኝ። ልጄ ሲሪንጅ እያወጣች፣ ውሃ እየሞላች ትጫናለች። ሦስተኛው ከጎኑ ጠብ ጠብ አለ። ሌሎች ጨመረች፤ ከእነሱም አንዱ አፈሰሰ።

«ይሄ አይወጣም» አለች።

«እስቲ ሌላ ካርቶን ሞክሪ። መኪናው በር ላይ ቆሟል እኮ!» አላት አለቃዋ።

«ይቁም። አብሮት የተሠራው በሙሉ ይመለሳል።»

መኪናው ባዶውን ሄደ። ልኮራባት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ስትሸኘኝ በሩ ላይ፣ «እኔ ባልኖር ትፈርሚ ነበር?» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «መዝገብ አለ፤ ጠይቅና እይ» ብላኝ ተመለሰች።

እፍረት ያለው ሰው ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔ ገብቼ መዝገቡን አስወጣሁ። ማንበብ ራሴን ያስተማርኩት በአሮጌ ጋዜጣ ስለሆነ ጣቴን ካላስከተልኩ አይሆንልኝም። እሷ ከጠረጴዛዋ ሆና እያየችኝ መስመር በመስመር ተከተልኩት። ከዚያ ቀን በፊት፣ እኔ በሌለሁበት፣ ሦስት ጊዜ መልሳለች። ጥቂቱን አይቶ ለሁሉም መፈረም ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም፤ ልጄ ግን አልዋሸችም ነበር።

ቋሚ ሆነች። በወሩ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራየች። «ለሥራ ይቀርበኛል» አለችኝ። ከቤታችን እስከ ፋብሪካው በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።