የመሃሉ ስፒከር

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ደንበኛዬ ቤት ገብቼ ያየሁት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም...

ኮልፌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ደንበኛዬ ጋሽ ወልዴ ሳንሱሲ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ልጃቸው ሆም ቴአትር ልካላቸው፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘውን ኦፕቲካል ገመድ ከእኔ ነው የገዙት። ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ገመድ ነው፤ ሲሠራ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት ይታያል። ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጡና «ወፈር ያለውን ስጠኝ፣ ሰው ሲናገር አይሰማኝም» አሉ። ሰጠኋቸው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ።

«ከዚህ የሚበልጥ የለህም?»

ነጋዴ ነኝ፤ የሚበልጥ ሞልቷል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዲጂታል ገመድ ወይ ያስተላልፋል ወይ አያስተላልፍም። ሙዚቃውን አሳልፎ ተናጋሪውን የሚያስቀር ገመድ አይቼ አላውቅም።

«ሙዚቃውስ ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ሙዚቃው ጥሩ ነው። የኳስ ሜዳው ጩኸትም ይሰማኛል። ሰው ሲናገር ነው እንጂ...» ብለው ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። «ገመዱ ላይሆን ይችላል ልጄ። ያው ዕድሜ ነው። ተስፋ ከመቁረጤ በፊት ልሞክር ብዬ ነው።»

«ቤት መጥቼ ልየው» አልኩ። ለጽድቅ አልነበረም... ሦስተኛው ገመድ ተመልሶ እንዳይመጣብኝ ነው።

ከሰዓት ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ጆሯቸው ደክሟል ብዬ በትልቁ «እንዴት ዋሉ ጋሽ ወልዴ!» አልኩ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ቤት የተቃጠለ አስመሰልከው እኮ» አሉኝ።

ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

በረንዳው ላይ ጠጋ አሉና ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። የእድራቸው ዳኛ ናቸው። ለነገው ስብሰባ የጻፉት የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው።

«የሰፈሩ የተጣላ ሁሉ እኔ ፊት ነው የሚቆመው። የማይሰማ ሰው እንዴት ይፈርዳል? ባለቤቴ ጥርት አድርጋ ትሰማለች። ለእሷ የምለቀው ደክሞኝ ነው ብዬ ነው የነገርኳት... አደራ።»

ሳሎን ገባን። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ ሆነው ዜና ያያሉ። ጋሽ ወልዴ ከጎናቸው ተቀመጡ። ዜና አንባቢዋ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ከግራና ከቀኝ ካሉት ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች የሚወጣው ግን ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ነው። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ወልዴም ነቀነቁ።

«ይገርማል» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ጉድ እኮ ነው» አሉ እትዬ አስካለ።

«ይቅርታ» አልኩ፤ «እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም።»

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም አልሰማህም?»

«ምንም።»

ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ወልዴ፣ አንተስ?»

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንቺ ትሰሚያለሽ ብዬ...»

«እኔ ደግሞ አንተ ትሰማለህ ብዬ። አንተ ስትነቀንቅ አይቼ ነው የምነቀንቀው።»

«እኔም አንቺን አይቼ ነው።»

ሆም ቴአትሩ ከተገጠመ ስምንት ወሩ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሁለቱም ደነቆርኩ ብለው፣ አንዱ ሌላውን ላለማሳዘን፣ እዚያ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ኖረዋል።

ሪሞቱን አንስቼ ሴቲንጉ ውስጥ ገባሁ። «ሲኒማ» ላይ ተደርጓል። እዚያ ላይ ሲሆን መሣሪያው የሰውን ንግግር ለይቶ ለመሃሉ ስፒከር ብቻ ነው የሚልከው። የመሃሉ ስፒከር የታለ? የገጠመው ሰው ሽቦ አጥሮት ትቶት ሄዷል። ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሟል። መሣሪያው ግን ይህን አያውቅም፤ ንግግሩን ሁሉ እዚያ ይልካል።

«የመሃል ስፒከር የለም» የሚለውን መርጬ ተጫንኩ።

ዜና አንባቢዋ ሳሎኑ መሃል የቆመች ያህል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። የነገውን የአየር ሁኔታ ነበር የምታነበው። በሙያዬ ስንት ሺህ ጊዜ ድምፅ አስተካክያለሁ፤ የአየር ሁኔታ እንደዚያ ሲደመጥ ግን አይቼ አላውቅም። እትዬ አስካለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል።

«ከፊል ደመናማ» አሉ ጋሽ ወልዴ ለራሳቸው፣ በዝግታ።

ዜናው ሲያልቅ ግን ፊታቸው እንደገና ጠቆረ። «የቴሌቪዥኑ ተገኘ። የእኔ ጆሮስ?» ብለው ሪሞቱን ከእጄ ወስደው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። «አስካለ፣ እስቲ ወጥ ቤት ግቢና አንድ ነገር ተናገሪ። እንዳትጮሂ። ጎረቤትሽን እንደምታሚው አድርገሽ ተናገሪ።»

«እኔ መቼ አምቼ አውቅና ነው?» እያሉ ሄዱ።

ጋሽ ወልዴ ሳሎኑ ጫፍ፣ መስኮቱ ጋ ሄደው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ቆሙ። እኔ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነኝ። ቤቱ ጸጥ አለ...

ትንሽ ቆይተው ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ። ሁለት ቦታ ቀደዱት፣ ከዚያ አራት ቦታ።

«ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«ቅደደው አለችኝ።»

«ቀደድከው?» አሉ እትዬ አስካለ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው።

ለወጥ ቤቱ የምቀርበው እኔ ነበርኩ። እኔ የሰማሁት የቧንቧ ውሃ ሲንጠባጠብ ብቻ ነው።