ከቡናማ እናት የወጣው ነጭ

ኤንዮናም ከሎሜ ወጣ ብሎ ባለው የዘንዶ እርባታችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንቁላል ጠብቃለች። አብሬያት ሠርቻለሁና የምጽፈው ያየሁትን ነው።

ወንድሟ እርጉዝ ሳለች ከካሳቫ ማሳው ይዞ ያመጣት ቡናማ ዘንዶ በሣጥኗ ውስጥ ስድስት እንቁላል ጥላ ነበር። አንድ ጠዋት ልጆቹ ከቅርፊቱ ጭንቅላታቸውን ብቅ አደረጉ። አምስቱ እንደ እናታቸው ቡናማ ናቸው። ስድስተኛው ግን ነጭ ነው፤ ቢጫ ዝንጉርጉር አለበት፤ ዓይኑ ቀይ ነው።

አለቃችን አግቤኮ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። እንዲህ ያለ ቀለም የነበራቸው ቆልፎ የሚያኖራቸው የራሱ ዘንዶዎች ብቻ ነበሩ። ከዚህ ሣጥን ከሚፈለፈሉት ደግሞ ግማሹ እናቲቱን ያመጣው የወንድሟ ድርሻ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ የኔን እንቁላል ለወንድምሽ አሻገርሽለት!»

«እኔ?»

«ታዲያ ዘንዶዋ ከፈረንጅ ወለደች? ዛሬውኑ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ!»

ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ኤንዮናም አልጮኸችም። የነጩን እንቁላል ብቻ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችው። ስድስቱም አብረው ተነሱ፤ እናታቸው ስትጥላቸው እርስ በርስ እንደተጣበቁ ነበሩ። እንቁላሎቹ አንዴ ከደረቁ በኋላ ሌላ ቢጨመርባቸው እንደማይጣበቅ አግቤኮ ከማናችንም በላይ ያውቃል።

«ቡናማ መስለው ነጩን ቀለም በደማቸው የያዙት እናትና አባቱ ናቸው» አለች።

አለቃው ላቡን ጠረገ። «በይ፣ ሥራሽን ቀጥዪ።»

«ሲሰድቡኝ የሰሙት ሁሉ እዚሁ ቆመዋል። ይቅርታውንም ይስሙ።»

ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ ሁላችንም ሰማን።