ዱንጉዛው ከዓሣ ጋር የከረመበት ሰሞን

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ሊገባ ሲል ነው። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሰውን በቁሙ ያስተኛል፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያውም እንቅልፋም ነኝ። ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር በዕውኔ ይሁን በሕልሜ ይምታታብኛል። ደግነቱ ብዙነሽ የምትባል ምስክር አለችኝ።

ሥራዬ የቆዩ ዕቃዎችን መንከባከብ ነው። በአንዲት ትንሽ የቅርስ ማሳያ ቤት ውስጥ ጋሻ፣ የእንጨት ወንበርና ሸክላ፣ ከሁሉም በላይ ግን ጨርቅ፣ በለስላሳ ብሩሽ ሳራግፍ እውላለሁ። እናቴ "የራስሽን ቤት መቼ ጠረግሽና!" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከደጋው ከኦቾሎ ሻንካ የሚባል ሰው አንድ ዱንጉዛ ይዞልኝ መጣ። ዱንጉዛ የጋሞ የክብር ልብስ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር እየተሰናሰለ በእጅ የሚሸመን። የአባቱ ነበር። አባትየው በአገራቸው ሀለቃ ሆነው በአደባባይ ሕዝብ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ከሞቱ ወዲህ ልብሱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ብል ገብቶበታል። አሁን ደግሞ ሻንካ ራሱ በመስቀል ሀለቃ ሆኖ ሊወጣ ነው።

"እናቴ ከዚህ ሌላ አትለብስም ብላለች" አለኝ። "ይሄ ካለቀ ምን ለብሼ ሰው ፊት ልቁም?"

ስዘረጋው አንዲት ነጭ ትል በቀዩ መስመር ላይ ቀስ ብላ ስትሄድ አየሁ። መድኃኒት ብነፋበት ጨርቁም ይጎዳል፣ ለባሹም ይታመማል። ለብል ፍቱኑ ብርድ ነው። ጨርቁን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሎ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽጎ፣ በኃይለኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማክረም። ትሉም እንቁላሉም ያልቃል። ችግሩ እኛ ማቀዝቀዣ የለንም። ያለን አንድ ማራገቢያ ነው፤ እሱም የሚዞረው ደስ ሲለው ነው።

ብዙነሽ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ገዝቻት አላውቅም። ጭንቀቴን ስነግራት ግን የትልቁን ማቀዝቀዣ ክዳን ከፈተችና ቆሮሶ ዓሣውን ወደ አንድ ወገን ገፋ ገፋ አደረገችው።

"በይ፣ ግባ በይው" አለችኝ፣ እንግዳ የመጣባት ይመስል።

ጥቅሉን በቆሮሶውና በአምባዛው መሃል አስተኛሁት። ዓሦቹ ዓይናቸውን ገልጠው በረዶ ላይ ተኝተዋል። በዚያ ሙቀት ቀናሁባቸው።

ብዙነሽ ክዳኑን እየዘጋች "የደጋ ሽማግሌ ዓሣ አይነካም እኮ፤ ለባለቤቶቹ ነግረሻቸዋል?" አለች።

አልነገርኳቸውም። ደጋው ላይ ጎሜ የሚሉት ነገር አለ፤ ክልክሉን የተላለፈ ሰው መዘዙ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። የሀለቃ ልብስ ከዓሣ ጋር ከርሟል ተብሎ ጎሜ ከሆነ፣ ሻንካ ያንን ልብስ ገላው ላይ አያደርገውም። ከብሉ አስጥዬ እኔው ጨረስኩት ማለት ነው።

ያን ሰሞን ዱንጉዛው በሕልሜ ይመጣ ነበር። ሐይቁ ላይ ተዘርግቶ ይንሳፈፋል፤ ቀዩ መስመር ወደ መሃል ይረዝማል፣ ይረዝማል፤ እኔ ዳር ቆሜ ብዘረጋ እጄ አይደርስም።

ልብሱ ሊወጣ በሚገባው ቀን ሻንካን ስጠብቅ እናቱ መጡ። እማማ ወርቄ ይባላሉ። ከኦቾሎ ድረስ ብቻቸውን ወርደው፣ ለልብሱ ክብር አዲስ ነጠላ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። አማርኛ የአፍ መፍቻቸው ስላልሆነ እንደ አገራችን ብዙ እናቶች እኔን ሴቲቱን "አንተ" ይሉኛል።

"ልብሱ የታለ?"

"ሌላ ቤት ነው ያለው እማማ።"

"ውሰደኝ።"

"እዚህ ይቀመጡ፣ እኔ ላምጣው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ብዬው ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ግን ያንን አዲስ ነጠላ እያየሁ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ባጃጅ ጠራሁ። መንገድ ላይ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የጫነ ጋሪ ከፊታችን እየተጎተተ አላሳልፍ አለን። ቶሎ ባንደርስ ደስታዬ ነበር።

ብዙነሽ ክዳኑን ስትከፍት ነጭ ጉም ቡልቅ አለ። በጉሙ ውስጥ ዓሦቹ ታዩ፣ ጥቅሉም ታየ።

"እማማ፣ ከዓሣ ጋር ነው የከረመው። ሳልጠይቅዎ ነው ያስገባሁት" አልኩ። ብዙነሽ በጋሞኛ ደገመችላቸው።

አልተቆጡም። እጃቸውን ዘረጉ። ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ ካልወጣ ጥቅሉ እንደማይከፈት ነገርኳቸው፤ አለዚያ ጨርቁ ውኃ ይጠጣል። ከማንጎው ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ጭናቸው ላይ አደረጉት። ላስቲኩ ሲያልበው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። እንደገና ያልበዋል፤ እንደገና ይጠርጉታል። ጥላው ከእግራችን ላይ ሸሸ። ሦስት ሴቶች ነን፤ ለእኔ ግን ጥቅሉ ተቆጥሮ አራት ሰው የተቀመጥን ይመስለኝ ነበር።

"ዓሣው ከየት ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ከዓባያ ነው እማማ" አለች ብዙነሽ።

ቀና አሉ። መጀመሪያ ፊታቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ሳቀ፤ እንባቸው ግን እየወረደ ነበር። በአማርኛቸውም በጋሞኛቸውም እያደባለቁ ነገሩን፤ የጎደለውን ብዙነሽ ሞላችልኝ።

"የሻንካ አባት ጠዋት ጠዋት ደጃችን ይቆማል። ዓባያን ያያል። 'አንድ ቀን እወርዳለሁ፣ እጄን እነክራለሁ' ይላል። ሰው ተጣላ ይሉታል፣ ሄዶ ያስታርቃል። እርሻ አለ፣ ለቅሶ አለ። ሳይወርድ ሞተ።"

"ጎሜስ እማማ?" አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ።

"ብትዋሸኝ ነበር ጎሜ" አሉና ጥቅሉን መታ መታ አደረጉት። "እሱ ወረደ።"

ስንከፍተው ትሎቹ ደርቀው ረገፉ። ቀዩ መስመር ጥቂት ቀዳዳ አለው እንጂ ልብሱ ደህና ነው። በመስቀል ሻንካ ለብሶት አደባባይ ቆመ። እኔም ተጠርቼ ስለነበር ኦቾሎ ወጥቼ፣ ከእማማ ወርቄ ደጅ ሆኜ ቁልቁል ዓባያን አየሁት። ከዚያ ላይ የሚነካ ይመስላል።

ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ደስታዬ ግን ሆድ ያስብሰኛል። አንድ በሕይወት ሳለ አይቼው የማላውቅ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ቦታ እንዲደርስ ሳላውቅ ረድቻለሁ፤ ሲደርስ ግን እሱ አላየም።