የሸዋንግዛው ፒካፕ ፍሬን

ደበሌ መኪና ሲመጣ ከመንገድ ይወጣ ነበር። ዳር መያዝ ብቻ አይደለም፤ ቦዩን ተሻግሮ እንሰቱ ውስጥ ይገባና ጩኸቱ እስኪርቅ ይቆማል። ቡታጅራ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ምክንያቱንም ስለሚያውቁት ማንም አይስቅበትም ነበር።

ደበሌ የሸዋንግዛው ረዳት ነበር። ሸዋንግዛው ከአንድ ግሪክ ነጋዴ የገዛት፣ አፍንጫዋ ረጅም የሆነ አሮጌ ፒካፕ ነበረችው፤ በርበሬና ቆጮ ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለስባት ነበር። በ1961 ዓ.ም. አንድ ቀን ጠዋት፣ ከጥያ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ደበሌ አጠገቡ ተቀምጦ የሰውየው ጉልበት ሲወጣና ሲወርድ፣ ሲወጣና ሲወርድ አየ። «ዝለል!» አለው ሸዋንግዛው። ደበሌ ዘለለ። ፒካፗ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላትማ ስትገለበጥ ሸዋንግዛው መሪውን እንደያዘ ሞተ።

በኋላ ከተማው «ጠጥቶ ነው የነዳው» አለ። ደበሌ ለፖሊሱም ለቀባሪውም «ፍሬኑን ሲረግጥ አይቻለሁ» ብሎ ነበር። የሰማው የለም። ፒካፗን በበሬ ጎትተው የሟቹ ግቢ ውስጥ ጣሏት፤ ደበሌም የሀቢቡ ወፍጮ ቤት ገብቶ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሸዋንግዛው ሚስት ተናኘወርቅ ወፍጮ ቤት ድረስ መጣች። እህል አልያዘችም።

«ደበሌ፣ መኪናዋን አስነሳልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ መካኒክ አይደለሁም። ጎማ ከመቀየር በቀር ምንም ሠርቼ አላውቅም።»

«ሹፌሮቹ እንደሆነ አይነኩልኝም። ሰው መብላት ለምዳለች ይላሉ። ለቁርጥራጭ ብረት እንኳ የሚገዛኝ አጣሁ። ልጆቼ በር በከፈቱ ቁጥር የሚያዩት እሷን ነው። ወይ ተነሥታ ትሂድልኝ!»

ደበሌ ጆንያውን መሬት አስቀመጠ። «እርስዎ አይፈሯትም?»

«እፈራታለሁ እንጂ። ለዚህ ነው አንተ ጋ የመጣሁት። የማይፈራት ሰው ቢሠራልኝ አላምነውም።»

ለማየት ብቻ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ ቀን በሯን መክፈት አቃተው። እጁን እጀታው ላይ አሳርፎ መልሶ ያነሣል። ዶሮዎች ወንበሩ ላይ ጎጆ ሠርተዋል፤ የፊት መስታወቱ የለም፤ የበርበሬ ሽታ ግን አሁንም ከጣውላው ውስጥ ይወጣል። ዞሯት፣ ዞሯት፣ ሄደ።

በማግስቱ ከሀቢቡ ክሪክና መፍቻ ተውሶ ተመለሰና አራቱንም ጎማ ፈታ። ከሥር ድንጋይ ደራረበላት። ተናኘወርቅ ከበረንዳ ሆና «ጎማውን ለምን ፈታኸው?» ብትለው፣ «እንዳትሄድ ነው፣ እትዬ» አላት። እንዲያ ካደረገ በኋላ በሯን ከፍቶ መግባት ቻለ።

ሀቢቡ የወፍጮውን ሞተር ራሱ የሚፈታ ሰው ስለነበር ከሥራ በኋላ እየመጣ ያሳየው ነበር። ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠቡት። ራዲያተሩን አስበየዱት። የተጨማደደውን ኮፈን፣ የሞተሩን ክዳን፣ በመዶሻ ቀጥቅጠው አቃኑት። ደበሌ ሁሉንም በትጋት ይሠራል፤ ፍሬኑ ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

«አጅሬ፣ ያቺን ነገር እየሸሸሃት ነው» አለው ሀቢቡ።

«እደርስባታለሁ።»

«ወላሂ እየሸሸሃት ነው። ምንድን ነው የፈራኸው?»

«ደህና ሆኖ ባገኘውስ?» አለ ደበሌ። «ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ ሰዎቹ ያሉት እውነት ነው ማለት ነው። ለእትዬ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?»

ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ዕለት ደበሌ ሞተሩን ያዞረበትን ብረት፣ ማኒቬላውን፣ ጥሎ ከግቢ ወጥቶ ሮጠ። ጎማ እንደሌላት ያውቃል፤ እግሩ ግን አላመነም። ሀቢቡ አጥፍቷት እስኪጠራው ድረስ የጎረቤት አጥር ሥር ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚሸሽበት ሥራ አለቀ። በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ። የፍሬኑን ቱቦ ከፓምፑ ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላው ጎማ አካባቢ፣ ቱቦው ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ሳስቶ ነበርና ጣቱ ቀዳዳ ላይ አረፈ። እዚያው ተኝቶ ቀረ። ተናኘወርቅ እግሩ ሲንቀሳቀስ ስላላየች ደንግጣ ጎንበስ አለች።

«ምን ሆንክ? ደበሌ!»

«የፍሬኑ ዘይት በዚህ ፈስሶ አልቋል» አለ ከሥር ሆኖ። «ሲረግጥ ምንም አልነበረውም፣ እትዬ። ባዶ ነው የረገጠው።»

ቱቦውን ፈትቶ ሰጣት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ቀዳዳውን አየችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ደበሌ ከጎኗ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

አዲስ ቱቦ በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ከአዲስ አበባ መጣ። ጎማውን የሚይዘውን የፍሬን ሸራም ቀየሩ፤ ዘይት ሞሉ። ከዚያ ጎማዎቹ ተመለሱ፤ ፍርሃቱም አብሯቸው ተመለሰ። ፒካፗ በራሷ እግር ቆማ ሲያያት ወደ ኋላ አፈገፈገ።

የሚሞክራት ቀን ሊነሣ ሲል ተናኘወርቅ በሩን ከፍታ አጠገቡ ገባች።

«እትዬ፣ ይውረዱ። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ!»

«አልወርድም። ብቻህን ከሆንክ ትዘላለህ፤ ከዘለልክ ደግሞ ዳግመኛ መኪና ላይ አትወጣም። እኔ ካለሁ አትዘልም።»

ከከተማው ወጥተው ወደ ወንዙ የሚያወርደው ቁልቁለት ጫፍ ላይ ደረሱ። ደበሌ በሁለተኛ ማርሽ ለቀቃት። ጥቂት እንደወረዱ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

ምንም አልያዘም።

የወንዙ ድልድይ ከታች ይታያል። ግራ እጁ ሳያዘው የበሩን እጀታ ያዘ። ተናኘወርቅ አየችው፤ ሁለት እጇን ከፊቷ ባለው ብረት ላይ አጣብቃለች። ደበሌ እጁን ከእጀታው አነሣና መሪው ላይ መለሰ። ደገመና ረገጠ። ትንሽ ጠነከረ። ደጋግሞ ረገጠ፤ አሁን ያዘ፣ አንገጫገጫት፣ ጎማው አቧራ አስነሥቶ ተንሸራተተና ፒካፗ ከድልድዩ በላይ ቆመች።

ደበሌ ወርዶ ቦይ ውስጥ አስመለሰ። ተናኘወርቅ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገች።

«ምንድን ነው የሆነው?»

«አየር ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «ቱቦው ውስጥ አየር ቀርቷል። አላወጣሁትም። አላውቅም ነበር።»

«አሁን አወቅክ?»

«አሁን አወቅኩ።»

በእግራቸው ተመለሱ። በማግስቱ ከሀቢቡ ጋር ሄደው፣ አንዱ እየረገጠ አንዱ የአየር ማስወጫውን ቡሎን እያላላ፣ አየሩን አስወጡት። ደበሌ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ቆመ፤ ወጣ፤ ደግሞ ወረደ። ሸሚዙ በላብ እስኪርስ ድረስ እንዲሁ ዋለ። ሀቢቡ ሰልችቶት የድልድዩ ግንብ ላይ ተኛ።

ፒካፗ በተናኘወርቅ ስም በርበሬ መጫን ጀመረች። ሹፌሩ ደበሌ ነው፤ አነዳዱ ግን የበሬ ጋሪ ስለሚመስል ተሳፋሪ ይናደድበት ነበር። በየቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ያቆማል፤ ወርዶ ከሥር ያያል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ያን ያህል አይቶም ግን ልቡ አላረፈም። ጥያ ሲቃረብ ገና ከሩቁ ማርሽ ይቀንሳል።

በ1966 የካቲት ቤንዚን ተወደደ፤ አገሩም መናጥ ጀመረ። ተናኘወርቅ ፒካፗን ለሀቢቡ ሸጠችለት፤ ደበሌም ወልቂጤ ሄዶ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ በቆርቆሮ የተከለለች ቤት ተከራየ። ሞተር አምጥተው ቢለምኑት አይነካም። የሚሠራው ፍሬን ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቸኩሎ፣ «ይበቃል በቃ፣ ምን ያስፈራሃል? የምነዳው እኔ!» ብሎ ጮኸበት።

ደበሌ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ረዳት አለህ?» አለው።

«አለኝ።»

«እንግዲያው ጠብቅ» አለና ቡሎኑን እንደገና አጠበቀ።