ከቀዩ ሳህን በቀር

ታየች ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ቀዩን ሳህን ማጠብ ነው። ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ የብረት ሳህን ነው። ውስጡን በአመድ ታሸዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፣ ከምትሠራበት ምግብ ቤት ማታ ይዛ የመጣችውን ትርፍራፊ ቡሌ ትገለብጥበታለች። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለሆነ ቡሌው ሽሮና ምስር የነካ እንጀራ ነው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ጠርዙን በማንኪያ ሁለቴ ትመታለች። ዳማ ያንን ድምፅ ሳይሰማ ከተቀመጠበት አይነሳም።

ዳማ በግቢው የቀረው የመጨረሻ ውሻ ነው። ግቢውን የእንስሳት ሐኪሙ ምስጋናው ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ፣ በደብረ ማርቆስ ጎዳናዎች የወደቁ ውሾችን ሰው እስኪወስዳቸው ያስጠጋበት ነበር። ታየች ከእቃ አጣቢነቷ ጎን ለጎን ትመግባቸዋለች፤ በምላሹ ጥግ ካለችው ክፍል ያለ ኪራይ ትኖራለች። አሁን ባለቤቱ ቤት ሊሠራበት ስለሆነ እስከ ሰኞ ልቀቁልኝ ብሏል። ሌሎቹ ውሾች አንድ በአንድ ቤት አግኝተዋል። ዳማ ግን አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ሰው ሲያይ የማይጮኽ በመሆኑ ለጥበቃ የፈለጉት ሁሉ አይተውት ተመለሱ። ታየች ራሷ እንዳትወስደው አዲሷ አከራይዋ ውሻ ደጄን አይረግጥም ብላለች።

በዚያው ሰኞ ሌላ ነገርም ይጀምራል። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ሳምንቱን ሙሉ በየሰፈሩ ሲዞር ሰንብቷል፤ ያበደ ውሻ ሰው ስለ ነከሰ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይወገዳሉ፣ ውሻ ያለው አስሮ ይጠብቅ ይላል። የሚወገዱት በመርዝ ነው፤ መርዙም የሚቀመጠው ሥጋ ውስጥ ነው። በጾም ሉካንዳ ቤቶቹ ዝግ ናቸው፣ ቆሻሻ መጣያው ላይም አጥንት አይገኝም። በዚህ ወቅት መንገድ ላይ የወደቀ ሥጋ ከታየ ማን እንዳስቀመጠው መጠየቅ አያስፈልግም። ውሾቹ ግን ይበልጥ የሚራቡት ያን ጊዜ ነው።

አምና በጾሙ ከግቢው ያመለጠች አንዲት ውሻ ነበረች። ታየች ቦይ ዳር አገኘቻት፤ አራት እግሯ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ጥርሷ ተገጥሞ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ውሻ ሁሉ አንድ ነገር ታስተምራለች። ከጾም በፊት ያደረቀችውን ቋንጣ ሚጥሚጣ ነስንሳ መሬት ላይ ትጥላለች፤ ውሻው ሲያነሳው አፉ ይቃጠላል። ምስጋናው ደግሞ እንደማያውቀው ሰው ሆኖ እንዲህ ያለውን ቁራጭ በእጁ ይዘረጋለታል። ንጹሕ ምግብ የሚገኘው ከቀዩ ሳህን ብቻ ነው፣ እሱም ማንኪያው ሲመታ። የቋንጣው ሽታ አጥር ተሻግሮ ጎረቤቷ ወለተ ሥላሴ ዘንድ ደርሷል።

«ታየች፣ በሁዳዴ ቋንጣ?»

«ለውሻው ነው።»

«አይ፣ ውሻውማ ጾሙን ይዟል። የምትገድፊው አንቺ እንዳትሆኚ!»

አንሙት የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ ነው። ጅብ ከበረቱ በግ ስለ ወሰደበት ውሻ ይፈልጋል፤ ምስጋናው በጎቹን ሲያክም ስለ ዳማ ነግሮት ለገበያ በወረደበት ሊያየው መጣ። ታየች ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቀርታለች። ምስጋናው «ውሻው ሲርበው እንግዳውን ቶሎ ይቀርበዋል» ስላለ፣ ለዳማ ማታም ጠዋትም ምግብ አልሰጠችውም።

«ይሄ ነው?» አለ አንሙት በበትሩ ተደግፎ። «ጆሮውን ምን በላው?»

«ሌላ ውሻ ነው» አለች ታየች።

«አሸንፎ ነው ተሸንፎ?»

«እኔ አላየሁም፣ አያ አንሙት። እሱም አልነገረኝም።»

አንሙት ሳቀና እጁን ጋቢው ውስጥ ከቶ ከብብቱ ሥር ቁራሽ ዳቦ አወጣ። ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ይዞት ነው የመጣው። በሀገሩ አዲስ ውሻ የሚለመደው እንዲህ ነው፤ የሰውየውን ላብ ከዳቦው ጋር የቀመሰ ውሻ ከሰውየው አይለይም ብለው ያምናሉ። ዳቦውን ዘረጋለት። ዳማ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«ወተት አልነካውም እኮ፣ የጾም ነው!»

ዳቦውን እግሩ ሥር ጣለለት። ዳማ ወደ ኋላ ሸሸ። ርቦታልና ከአፉ ለሃጭ ይወርድ ጀመር፤ ዓይኑ ከዳቦው አልተነሳም፣ ግን አይጠጋም። የአንሙት ሳቅ ቆመ። በትሩን አነሳና ሁለት እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ለሃጩን እዩት። ምግብ ይሸሻል፣ ይዝረበረባል። ይሄ ውሻ ጤነኛ አይደለም።»

«ራሴ ነኝ የከተብኩት» አለ ምስጋናው።

«ዶክተር፣ አጎቴ ያበደ ውሻ ነክሶት፣ ውሃ ሲያሳዩት እየተንቀጠቀጠ ነው የሞተው። በገመድ አስረነው። እኔ ቤት ልጆች አሉ።»

ምስጋናው ወደ ታየች ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዴ ብቻ ከእጁ ይብላለት። አንቺ ካልሽው ይበላል። ካልበላ ሰውየው መሄዱ ነው።»

ታየች ዳማን አንገቱን ይዛ ወደ ዳቦው ብትገፋው እንደሚበላ ታውቃለች። አንሙት ከሄደ ደግሞ እስከ ሰኞ ሌላ ሰው አይመጣም።

«ዛሬ ከማያውቀው ሰው እጅ በልቶ ሰውየው ባይወስደው፣ የሰኞውንም ይበላል» አለች። ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ወጣ።

«የሰኞው ምንድን ነው?» አለ አንሙት ከበሩ።

ነገረችው። ስለ ሥጋው፣ ስለ ሚጥሚጣው፣ ስለ አምናዋ ውሻ፣ ከትናንት ጀምሮ ስላልበላው ምግብ። አንሙት በትሩን ሳያወርድ ሰማት።

«የኔም ውሻ እንደዚያው ነው የሄደው» አለ በመጨረሻ። «ጎረቤቴ ለጅቡ ብሎ የሞተች በቅሎ ላይ መርዝ አደረገ። ውሻዬ ቀደመ።»

ታየች እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀችም። «ሰውየው አሁንም ያስቀምጣል?»

«ጅቡ አሁንም አለ።»

አንሙት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዳቦውን አንስቶ ከዳማ አፍንጫ ፊት ለፊት አስቀመጠና ጠበቀ። ዳማ ለሃጩ መሬቱን እስኪያረጥበው አየው እንጂ አልነካውም። አንሙት ዳቦውን ሌላ ቦታ ወረወረለት፤ ዳማ በዓይኑ ብቻ ተከተለው። ሰውየው በትሩን ጎኑ አጋደመ።

«ሳህኑን አምጪልኝ፣ እታለም።»

ታየች ሳህኑን አጠበች። አንሙት ያንኑ የብብቱን ዳቦ አራግፎ ጨመረበትና ጠርዙን በማንኪያ መታ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዳማ አልተነሳም።

«ሁለቴ ነው» አለች ታየች።

እንደገና ሁለቴ መታ። ዳማ መጥቶ ዳቦውን በላ፤ ሲጨርስ ሳህኑን ላሰ፣ ቀጥሎም የአንሙትን እጅ አሸተተ።

«ልጆችዎ ከእጃቸው እንዳይሰጡት» አለች ታየች።

«እነግራቸዋለሁ። ትንሿ ግን አትሰማም፤ ዳቦ እጇ ላይ አይቆይም፣ ግማሹ መሬት ነው።»

«አደራ፣ አያ አንሙት። አንዴ ከመሬት ካነሳ መርዙንም ያነሳል።»

«ትንሿ አትሰማም አልኩሽ እኮ» አለ አንሙት። ውሸት ሊነግራት አልፈለገም። «ሳህኑን ግን እኔ ራሴ እመታለሁ።»

ታየች ሳህኑንና ማንኪያውን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው። ምስጋናው ገመዱን አሰረ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሮብ ገበያ የሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ዳማን ከባዶ ጆንያዎች መካከል አስቀመጡት።

እሑድ ጠዋት ታየች ከእንቅልፏ ተነስታ አመድ ዘገነች፤ የሚታጠብ ሳህን አልነበረም። ሰኞ በማለዳ ወደ ሥራ ስትሄድ ቦዩ ዳር ቀይ ነገር አየችና ቆመች። ሥጋ ነበር። ቆማ ስታየው ዝንብ አርፎበታል፣ ውሻ ገና አልደረሰበትም። የአንሙት ጎረቤት ለጅቡ የሚያስቀምጠው በቅሎ የሚያህል ነው፤ ትንሿ ልጅም ዛሬ ዳቦ ይዛ በር ላይ ወጥታ ይሆናል።

አንሙት ባለበት ስልክ አይሠራም። መንገዱ ካልተዘጋ በመጪው ቅዳሜ በግ ይዞ ለገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ይወርዳል፤ ታየች የዳማን ወሬ የምትሰማው ያን ጊዜ ነው።