የኔሬይዳ ዝምተኛ ሞተር

ሞተሩን ያስመረጥኳት እኔ ነኝ። ይሄን ሳልናገር ስለ ኔሬይዳ ሌላ ነገር ባወራ ውሸታም ነኝ።

ኔሬይዳ ጎረቤቴ ናት፤ ከበረንዳዬ እስከ በረንዳዋ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ከተማው ውስጥ በነበረው የጡት መያዣ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ስትሠራበት የኖረችውን የስፌት መኪና ገዝታ ቤቷ አስገባች፤ የሰፈራችን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ሁሉ ከእጇ ነው የወጣው። ሞተር በጆሮዋ ታውቃለች። በበሬ ስታልፍ «ፌሎ፣ የመኪናህ ቺንጊያ ሊበጠስብህ ነው» ካለችኝ በሳምንቱ ይበጠሳል። በዚህ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ!

ባሏ ኦቪዲዮ ዕድሜውን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦካ ኖሮ ሳንባው አለቀ። ሶኬት ላይ ከተሰካች የኦክስጅን መሣሪያ ጋር በቀጭን ቱቦ ታስሮ፣ መስኮት ሥር ባለው አልጋው ላይ ይውላል። መብራት ሄዶ መሣሪያዋ ከቆመች የኦቪዲዮም ትንፋሽ ይቆማል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እኛ ደግሞ ከሃዩያ ከተማ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ነን። አውሎ ነፋስ መብራቱን ከወሰደው መቼ እንደሚመልሰው የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጄኔሬተር አለው፤ የማን ሞተር እንዴት እንደሚጮህም ይታወቃል። የዳቦ ጋጋሪው ያስላል፣ የመምህርቷ ያፏጫል። አንዱ ያለ ሰዓቱ ዝም ካለ፣ ቅርብ ያለው ሰው የያዘውን ጥሎ ይሄድና በር ያንኳኳል። ማንም ያወጀው ሕግ አይደለም። በአንድ ክፉ ነፋስ ጊዜ ከታች ያለችው መበለት ሞተሯ ዝም ባለ በሦስተኛው ቀን ሞታ ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ።

የኔሬይዳ አሮጌ ጄኔሬተር ግን ወይ ጉድ! ሲነሳ የእኔ ቤት መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። ግንቦት ላይ ጨርሶ ሲበላሽባት በልቤ እልል አልኩ። አዲስ እንድትገዛ በመኪናዬ ይዣት ወረድኩ።

ሻጩ ሁለት አሳየን። አንዱ ቀይ፣ ወፍራም፣ ሲጮህ ውሻ የሚያባርር ነው። ሌላው በሳጥን የታሸገ ነው፤ አረንጓዴ መብራቱን ካላየህ መሥራቱንም አታውቅ። ሁለቱም የኦክስጅን መሣሪያዋን፣ ፍሪጁንና አንድ ማራገቢያ ይችላሉ።

«ቀዩን» አለች ወዲያው። «ሞተር መናገር አለበት። ዝም ካለኝ ምን እንዳመመው በምን አውቃለሁ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ከሞተር ጋር ስታወሪ ኖረሽ አልጠገብሽም? ዝም አይነቅዝም! ደግሞ ለኦቪዲዮ እዘኚለት፣ እንቅልፍ ያስፈልገዋል።»

«ለኦቪዲዮ እንቅልፍ ነው ወይስ ለአንተ?»

«ለሦስታችንም ነዋ!»

ሻጩ ሳቀ። እሷ ቀዩን እንደገና ዳሰስ አደረገችና «እሺ፣ ዝምተኛውን ጫኑልኝ» አለች። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ነፋሱ መስከረም ላይ መጣ። ሲያልፍ ኮረብታው ላይ አንዲት ቅጠል አልቀረችም፤ እሳት የበላው ይመስል ነበር። ወፉም እንቁራሪቱም ጠፋ። መንገዱን ናዳ ዘጋው። የኦቪዲዮ መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር በስድስተኛው ቀን አለቀና ሕይወቱ በዚያች ሳጥን ላይ ቀረ። ኔሬይዳ ቀንም ሌትም ቤንዚን ትሞላለች። በሞላች ቁጥር እጇን ሳጥኑ ላይ ጭና ትቆያለች፤ ንዝረቱ ካልተሰማት አታምነውም። ከበረንዳዬ ሳያት፣ የታመመ ሰው ግንባር የምትዳስስ ትመስለኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጓሮ በኩል ባለው ኩሽና ወንበር ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰዉ ቤንዚን ለመቆጠብ ቀን ቀን ሞተሩን ያጠፋ ስለነበር ምንም አይሰማም፤ የራሴን ደም በጆሮዬ እሰማ ነበር። «ተመስገን! እንዴት ያለ ጸጥታ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ዞር ስል ኦቪዲዮ በመስኮቱ በኩል እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት። አሁንም ያንኑ እጁን አነሳ፤ እኔም እየሳቅሁ ደግሜ አነሳሁለት። ከዚያ እጁ ወረደ።

ሞተሩ ቤንዚን ጨርሶ ቆሞ ኖሯል። የኦክስጅን መሣሪያዋም መብራት ሲቋረጥ የሚጮኸው ደወል ባትሪው ሞቶ ነበር። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ኔሬይዳ ስትጮህ ሮጬ ከገባሁ በኋላ ነው። እጁን ያነሳበትን ነገር የነገርኳት ከቀብሩ ማግሥት ነው።

መንገዱ ሲከፈት ወርዳ ቀዩን ገዝታ መጣች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ታስነሳዋለች። አንድ ሽቦ እንኳ አልተሰካበትም፤ ባዶውን ነው የሚጮኸው። መብራት ከተመለሰ በኋላም አልተወችም። በሰፈሩ አንድም ሰው አጥፊው አላላትም። እኔማ በየት አፌ!

አንድ ቀን ምሳ እየበላሁ ድንገት ቀጥ አለ። ሳህኑን ጥዬ ሮጥኩ፣ በሩን ደበደብኩ። ከፈተችው። የኦቪዲዮን የእጅ ሰዓት ይዛለች፤ ከእኔ ይልቅ ሰዓቱን ነበር የምታየው።

«አንድ ደቂቃ» አለች። «እሱ ያለ ኦክስጅን ግማሽ ሰዓት ይችል ነበር፣ ፌሎ።»

ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ታጠፋዋለች። መቼ እንደምታጠፋው አትነግረኝም። እኔም እሮጣለሁ።